ቀለበቱ ፊት ልጅ አታንበርክኩ

በቢቸናና በሞጣ ለምትኖሩ፣ መኪና ላላችሁና ልጅ ለምታሳድጉ የዕድሜ እኩዮቼ።

ባለፈው ሳምንት ከማኅበር ስመለስ በአንድ ወዳጄ ግቢ በኩል አለፍሁ። በሩ ክፍት ነው። አይሱዙው በድንጋይ ታግዶ ቆሟል፤ የኋላ ጎማው ወልቆ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጎማው ላይ አሥራ አራት ዓመት የማይሞላው ልጁ ተንበርክኳል። በቀኝ እጁ መዶሻ ይዟል፣ በግራው የቸርኬውን ቀለበት ጫን አድርጎ ይዟል። አባቱ ከመኪናው የአየር ታንክ የመጣውን ቱቦ ይዞ ይነፋል። አየሩ እየገባ፣ ልጁ ቀለበቱን እየመታ።

በምን ድምፅ እንደጮኽሁ አላውቅም። ልጁ ደንግጦ ተነሣ። ወዳጄ ቱቦውን ነቅሎ ቀና ብሎ አየኝ። በጥቂት ዓመት እበልጠዋለሁና አክብሮኝ ዝም አለ እንጂ ፊቱ ተቆጥቷል። ቆየት ብሎ፣ «አያ፣ እኛ ስንማር ጎሚስታ የት ነበረ?» አለኝ።

ያን ቀን የመለስሁለት መልስ ጎደሎ ነበር። ቀሪውን ለእሱም ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ጎማ መቀየር አንድ ሥራ ነው፤ ጎማ መፍታት ሌላ ሥራ ነው። የተነፈሰውን ጎማ ከነቸርኬው አውርዶ እስኮርታውን መስቀል መቀየር ነው። ጎማውን ከቸርኬው ለይቶ፣ ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ ለጥፎ፣ መልሶ አስገብቶ መንፋት ደግሞ መፍታት ነው። መቀየሩን ሾፌር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ አባይ በረሃ መሀል ጎማ ቢተነፍስበት ማን ይደርስለታል? መፍታቱ ግን፣ በተለይ የጭነት መኪና ሲሆን፣ የግቢ ሥራ አይደለም። እኛ ሁለቱንም «የጎማ ሥራ» ብለን በአንድ ስም ጠራናቸውና ለልጅ ሰጠናቸው።

የአይሱዙ ጎማ ስንት አየር እንደሚይዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ 6 ባር ገደማ። 6 ባር ማለት በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 6 ኪሎ ይጫናል ማለት ነው። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ጣቶቹን ትተን 10 በ10 ሴንቲሜትር ብንለው፣ በእሱ ላይ ብቻ 600 ኪሎ ያርፋል። 6 ኩንታል የቢቸና ጤፍ፣ በአንድ መዳፍ ላይ። በጎማው አንድ ጎን ዙሪያውን ሲደመር ከ150 ኩንታል ያልፋል፤ መኪናው ራሱ በጀርባው ከሚሸከመው ሁሉ ይበልጣል። ጤፉስ ቢወድቅ ወደ ታች ነው የሚወድቀው፤ ሰው ዘወር ሊልለት ይችላል። የታመቀ አየር ግን ቀዳዳ ባገኘበት በኩል ይወጣል፣ ዓይን ሳይርገበገብ።

ይህን ሁሉ ኃይል አስሮ የያዘው ቀለበቱ ነው። ባለ ቀለበት ቸርኬ የተሠራው ወፍራሙን ጎማ ያለ ማሽን ለማውለቅና ለማግባት እንዲመች ነው። አንደኛው ከንፈሩ ይነቀላል። ጎማው ገብቶ ሲያበቃ ቀለበቱ ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ራሱ ከውስጥ እየገፋ ያጠብቀዋል። በደንብ ከተቀመጠ ዘመን ይሸከማል። ቦዩ ውስጥ ዝገት ወይም ጭቃ ካለ፣ የቀለበቱ ጫፍ ከተጣመመ፣ ወይም ቀለበቱ ከሌላ ቸርኬ የተወሰደ ከሆነ ግን የተቀመጠ ይመስላል እንጂ አልተቀመጠም። 2 ባር ላይ ዝም ይላል። 4 ላይም ዝም ሊል ይችላል። ከዚያ መዶሻው ያርፍበታል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከደጀን በቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ። ጎማ ሳይተነፍስብን የምንገባበት ቀን ጥቂት ነበር። ረዳቴ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ የሞተበት፣ ለእናቱ አንድ። ስሙን አልጠራም፣ ዘመዶቹ ዛሬም በመካከላችን አሉ። እጁ ፈጣን ነበር፤ እኔም በፍጥነቱ እኮራ ነበር። ሻይ ቤት በሰው ፊት፣ «የእኔ ልጅ ጎማ ሲፈታ ሻዬን ጠጥቼ አልጨርስም» እያልሁ አሞግሰው ነበር። ያ ውዳሴ ልጁን ወዴት እንደገፋው የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ሲመሽ ቢቸና ደረስን። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እህል ጭነን መውጣት አለብን። የኋላው ጎማ ተንፍሷል። «አያ፣ ሲነጋ ልሥራው፤ አሁን አይታየኝም» አለኝ። «ሲነጋ መንገድ ላይ ነን፣ አሁኑኑ ሥራው» አልሁት። በፋኖስ ብርሃን ፈታው። ከመነዳሪውን ለጠፈ፣ ጎማውን አስገባ፣ ቀለበቱን አስቀመጠ። ቱቦውን የያዝሁት እኔ ነኝ። አየሩ ግማሽ ሲደርስ ቀለበቱ በአንድ ወገን ከቦዩ ብቅ ማለቱን እሱም አየ፣ እኔም አየሁ። አየሩን አስወጥተን እንደገና መጀመር ነበረብን። ያ ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው። «ምታው፣ ይገባል» አልሁት።

መታው።

ድምፁን አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ወዲያው ደነቆረ። ፋኖሱ ጠፋ። ሰው ኩራዝ ይዞ ሲመጣ ቀለበቱ ከግቢው ማዶ ባለው የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ተሰክቶ አየነው። ልጁ በጀርባው ወድቋል፤ መዶሻው ከእጁ አልወጣም። ደብረ ማርቆስ ሳንደርስ ዐረፈ።

ለእናቱ ያደረስሁት እኔ ነኝ። ለቅሶው ጋብ ሲል አስጠራችኝና፣ «ምን መታው?» አለችኝ። «የጎማ አየር» አልኋት። አልገባትም። ዓይኔን እያየች፣ «ነፋስ ነው ልጄን የገደለው?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት።

ዋሸኋት።

በእኛ አገር ሰው ሰውን ሲገድል ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ይመረመራል፣ ይፈረዳል፣ ይካሳል፣ ደም ይደርቃል። ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ ናችሁ ለዚህ ተጠርታችሁ ከዛፍ ጥላ ሥር የዋላችሁት! ለዚያ ልጅ ሞት ግን ማንም አልተቀመጠም። «ቀኑ ደርሶ ነው» ተባለ። እኔም ከነክብሬ ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጥሁ። «ምታው ያለው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እኔው ራሴን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ወዳጄ «እኛ ስንማር ጎሚስታ የት ነበረ?» ሲለኝ እውነቱን ነው፤ አልነበረም። ግን እኛ የተማርነው በሕይወት የቀረነው ነን። ያልቀሩት ቆመው «እኛም እንዲሁ ተማርን» ሊሉ አይችሉም። በእኛ መትረፍ ተመክቶ ልጁን የሚያንበረክክ ሰው የሙታኑን ምስክርነት ሳይሰማ ነው የሚፈርደው። ሽማግሌ ደግሞ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

አሜሪካኖች እንኳ፣ ማሽኑም መሣሪያውም ያላቸው፣ ሠራተኞቻቸው በዚህ ቀለበት እየሞቱና አካላቸው እየጎደለ ቢያስቸግራቸው እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1980 በመንግሥት ደረጃ ደንብ አወጡ። ባለ ቀለበት ቸርኬ የሚነካ ሰው አስቀድሞ ይሠልጥን፣ ጎማው በወፍራም የብረት ቀፎ ውስጥ ሆኖ ይነፋ፣ አየር ያለበት ቀለበት በመዶሻ አይነካ አሉ። በ1984 ደግሞ ቀለበት የሌለውን የጭነት መኪና ቸርኬም ጨመሩበት፤ ያም ሲፈነዳ ይገድላልና።

ከዚያ ደንብ አንዱ አንቀጽ ስለ እኛ መንገድ የተጻፈ ይመስለኛል። አየሩ ከሚገባው ከመቶ 80 እና ከዚያ በታች ሆኖ የተነዳ ጎማ፣ ከመኪናው ሳይወርድ በፊት አየሩ ተሟጥጦ ይውጣ ይላል። እኛስ? ከኋላው ጥንድ ጎማ አንዱ ሲጎድል «ጓደኛው ይዞታል» ብለን ከሞጣ ቢቸና እንነዳለን። ያ የጎደለ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ይተጣጠፋል፣ ይግላል፤ በጎኑ ውስጥ ያሉት የሽቦ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። ቤት ደርሰን ስንነፋው ጎኑ እንደ ዚፕ ይተረተራል። ከመተርተሩ በፊት የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ጎማውን ሊያይ ጎንበስ አይበል፤ ቱቦውን ጥሎ ይራቅ። እንዲህ የተነዳ ጎማ አየር ብቻ ሞልተው የሚመልሱት አይደለም፤ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ውስጡ በሚያውቅ ሰው መታየት አለበት።

«ቀለበቱን ወደ መሬት ገልብጠን እንነፋለን» የምትሉም አላችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። ቀለበቱ መሬት ላይ ሲፈናጠር ያ ሁሉ ኃይል መሬቱን ገፍቶ ጎማውን ከነቸርኬው ወደ ላይ ይወረውረዋል። ከላዩ ያጎነበሰ ሰው ካለ ያው ነው። ጎማው ከቸርኬው ከንፈር አልገጥም ሲል ቤንዚን ረጭተው ክብሪት የሚለኩሱ ወጣቶችም በሁለቱም ከተሞች አይቻለሁ፤ ከማን ተማሩት? የተሰነጠቀ ቸርኬን ጎማው ሳይወልቅ ማስበየድም እንዲሁ ነው። አየሩ ወጥቶ እንኳ ቢሆን፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ በብየዳው ሙቀት ጋዝ ያመነጫልና ይፈነዳል። ለባጃጅና ለአባዱላ ጎማ አየሩ ያነሰ ነው፣ ቀለበትም የለውም፤ ብዙ አልልም። ይኸው ቤንዚን ግን እዚያም ፊት ያቃጥላል።

መቀየሩን ግን ለልጆቻችሁ አስተምሩ። ራሳችሁ አጠገባቸው ቆማችሁ አስተምሩ።

ከሁሉ በፊት መሬቱን አሳዩአቸው። የቢቸና ዙሪያ አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ እግር ይውጣል። ክሪክ ዋልካ ላይ ሲተከል በመጀመሪያ የቆመ ይመስላል። ክብደቱ ሲያርፍበት ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ከዚያ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ከዚያ መኪናው ይወርዳል። ሥሩ ወፍራምና ሰፊ ሳንቃ ይነጠፍ፤ ድንጋይ አይሁን፣ ድንጋይ ሲጫኑት ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ የወደቀች ዳዶ ለማንሳትም ቢሆን።

ዳዶው መላላት ያለበት ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው። በአሮጌዎቹ አይሱዙዎች ደግሞ በግራ ጎን ያለው ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ይህን ያልነገሩት ልጅ እያጠበቀ የሚፈታ ይመስለዋል፤ እንቢ ሲለው መፍቻው ላይ የብረት ቧንቧ ቀጥሎ ይንጠለጠልበታል፤ ቡሎኑ ሲበጠስ በፊቱ ይደፋል። በኋላው ጥንድ ጎማ ላይ ሁለት ዳዶ አለ፤ የውስጡ የውስጡን ጎማ ይይዛል፣ የውጩ የውጩን። የውጩን ብቻ አጥብቆ የሚሄድ ሰው፣ የውስጡ ላልቶ እንደሆነ ከውጭ አያይም። ሲጠብቅ ደግሞ በዙሪያ በተራ አይደለም፤ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ነው። ጎማ ቀይሮ ከሞጣ የተነሣ ሾፌር ደብረ ወርቅ ሲደርስ ይቁምና ዳግም ያጥብቅ። መኪናው ከተጓዘ በኋላ ዳዶ ይላላል፤ ጎማ ወልቆ ብቻውን የሚሮጠው፣ ከመንገድ ዳር ሰው የሚመታው፣ እንዲህ ቆሞ ሳያጠብቅ ሲቀር ነው።

ስለ አባይ አንድ ነገር ልጨምር። ሞጣም ቢቸናም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ተከናንበን እንነሣለን፤ ከደጀን ቁልቁል ከ1000 ሜትር በላይ ወርደን ድልድዩ ላይ ስንደርስ ላብ ያጠምቀናል። ጎማውም እንዲሁ ነው። የቆላው ሙቀት ከውጭ፣ የጋለው ፍሬን ከቸርኬው በኩል ያሞቁታል፤ አየሩ ይጨምራል። «በዛበት» ብላችሁ የጋለ ጎማ አታስተንፍሱ። ሲበርድ ይጎድላል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ጭኖ ሲወጣ ውስጡ ይቃጠላል። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው።

ጎማ ስትገዙም በጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እዩ። 3411 ካለ፣ 34ኛ ሳምንት፣ 2011 ማለት ነው፤ ነገር ግን በፈረንጆች። በእኛ ነሐሴ 2003 መሆኑ ነው። «በ2011 የተሠራ» ብሎ ሻጩ የነገረንን በእኛ አቆጣጠር የምንሰማ ስንት ነን? ካሰብነው በስምንት ዓመት የበለጠ ያረጀ ላስቲክ በላያችን ይጫናል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ላስቲኩ ያረጃል።

እንግዲህ መፍታቱን ለማን እንስጠው? ለጎሚስታ፣ ግን ቀፎ ላለው ጎሚስታ። ሄዳችሁ ጠይቁት። ቀፎ ከሌለው እዚያም የሚንበረከከው የሰው ልጅ ነው፤ የእኛ አለመሆኑ ሞቱን አያቀለውም። ቀፎው የምስማር ያህል ቀጭን በሆነ ፌሮ የተበየደ አይሁን፤ ፍንዳታውን ሊያቆም የሚችል ወፍራም የብረት ቧንቧ መሆን አለበት። ረጅም ቱቦ ይኑረው፣ ቫልቩ ላይ ራሱ ነክሶ የሚቀር ጫፍና ከወዲህ ሆኖ የሚነበብ መለኪያ ይኑረው። የሚነፋው ሰው በጎማው ጥርስ በኩል ራቅ ብሎ ይቁም እንጂ በጎኑ ፊት አይቁም። ውድ ነው ካላችሁ፣ ለእድራችን ድንኳን ለመግዛት እያንዳንዳችን አዋጥተናል። ሰው ሲሞት የምንቀመጥበትን ካዋጣን፣ ልጅ የማይሞትበትን ለማዋጣት ምን ያግደናል? በቢቸና አንድ፣ በሞጣ አንድ ቀፎ እንግዛ። እኔ ድርሻዬን ይዣለሁ።

ወደዚያ ግቢ ልመለስ። ወዳጄ ያን ከተናገረ በኋላ፣ «እሺ፣ ቢያንስ አየሩን እናስወጣው» አልሁት። እንቢ አላለኝም። የቫልቩን መርፌ ራሴ ነቀልሁና ሦስታችንም ራቅ ብለን ቆምን። አየሩ እየጮኸ ወጣ፣ ቆየ፣ ጸጥ አለ። ልጁ መዶሻውን እንደያዘ አጠገቤ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ሲያልቅ ጎንበስ ብዬ ቀለበቱን በሁለት ጣቴ ሳብ አደረግሁት፤ መጣ። ቦዩ ከግማሽ ዙሪያው በላይ በዝገት ተሞልቷል። ቀለበቱ ቆሞ የነበረው በዝገቱ ላይ ነው።

ወዳጄ ቀለበቱን ተቀበለኝና አገላብጦ አየው። ከዚያ ልጁን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። መዶሻውን ከእጁ ወስዶ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ቤት ነው ያለው።